በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ለማጥመድ ወደ ሩቅ ወንዞች መጓዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መንገድ በማይደርስባቸው ወንዞች ላይ፣ ልምድ ባለው መሪ ታጅቦ፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ ለማጥመድ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዓሣው ትልቅነት ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም እንዲህ ባለ ጉዞ ብዙውን ነገር የሚወስነው ርቀቱ ነው። ምን እንደሚያዝ፣ ወንዝ እንዴት እንደሚገባ፣ አደጋ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ፣ የተያዘው ዓሣ እንዴት እንደሚመለስ፣ ይህ ሁሉ ሱቅም ሐኪምም በአቅራቢያ ካለመኖራቸው ጋር የተያያዘ ነው። ከታች ያሉት መልሶች የተጻፉትም ይህን በማሰብ ነው።

ፍላይ ፊሺንግ የሚባለው አጠማመድ ከሌላው በምን ይለያል?

በተለመደው አጠማመድ የሚወረወረው ክብደት ያለው ነገር ነው፤ እርሳሱ ወይም ከባዱ ማታለያ ቀጭኑን ክር እየጎተተ ይሄዳል። ሰው ሠራሽ ዝንብ ግን ላባ፣ ፀጉርና ክር መንጠቆ ላይ ተጠምጥሞ የሚሠራ በመሆኑ ክብደቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ስለዚህ ለመወርወር የሚያስፈልገው ክብደት ያለው በወፍራሙ ክር ውስጥ ነው። አጥማጁ ዘንጉን ወደ ኋላና ወደ ፊት ሲያንቀሳቅስ ክሩ አየር ላይ ይዘረጋና ጫፉ ላይ ያለችውን ዝንብ ይዟት ይሄዳል። በወፍራሙ ክርና በዝንቧ መካከል ዓሣው በቀላሉ የማያየው፣ እየቀጠነ የሚሄድ ብርሃን አስተላላፊ ክር ይታሰራል፤ ይህ ሊደር ሲባል የመጨረሻው ቀጭን ጫፉ ደግሞ ቲፔት ይባላል።

ዝንቦቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ደረቅ ዝንብ የሚባለው ውኃ ላይ ተንሳፍፎ ክንፍ ያወጡ ነፍሳትን ይመስላል፤ ኒምፍ ከወንዙ ወለል አጠገብ የሚኖሩትን እጮች፣ ስትሪመር ደግሞ ትንንሽ ዓሦችን ይመስላል። በአላስካ፣ በካምቻትካና በሞንጎሊያ ወንዝ የሚሻገር አይጥን የሚመስል ትልቅ ተንሳፋፊ ዝንብም ይጣላል። ትልቅ ዓሣ ከሥር ተነሥቶ ያንን ሲመታ ያየ ሰው፣ ይህ አጠማመድ ብዙ ድካም ቢጠይቅም ለምን እንደሚወደድ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እንዲህ ያሉ ወንዞች የት ይገኛሉ? ምን ዓይነት ዓሣስ ይያዝባቸዋል?

በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ስማቸው ከሚነሣው መካከል በደቡብ ምዕራብ አላስካ ወደ ብሪስቶል ቤይ የሚፈስሱት ወንዞች ይገኙበታል። ሶክአይ ሳልሞን ከባሕር ወጥቶ ወንዝ ውስጥ እንቁላል የሚጥል ዓሣ ነው፤ በዓለም ላይ ትልቁ ፍልሰቱ ወደዚያ ይመጣል፤ በወንዞቹ ውስጥ የሚኖረው ሬይንቦው ትራውት የተባለው የሳልሞን ዘመድ የሚወፍረውም ሳልሞኑ በሚጥለው እንቁላልና ከሞተ በኋላ በሚፈርሰው ሥጋው ነው። ከቤሪንግ ባሕር ማዶ ያለው የሩሲያው ካምቻትካ ባሕረ ገብ መሬት ስድስት የፓስፊክ ሳልሞን ዝርያዎች የሚወጡበት ሲሆን፣ በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ በኮላ ባሕረ ገብ መሬት የሚገኘው ፖኖይ ደግሞ የአትላንቲክ ሳልሞን ወንዝ ነው። በሰሜን ሞንጎሊያ ታይመን አለ፤ ይህ የሳልሞን ዘመድ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሊረዝም የሚችል፣ በዝግታ የሚያድግና ለአሥርተ ዓመታት የሚኖር ዓሣ ነው። በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የሚገኘው ሚድል ፎርክ የተባለው የሳልሞን ወንዝ ገባር ደግሞ 160 ኪሎ ሜትር ያህል በጎማ ጀልባ እየተወረደ ከትትሮት ትራውት ይጠመድበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ወንዞችን የሚጠብቅ የአገሪቱ ሕግ ሲጀምር ከለላ ከሰጣቸው ስምንት ወንዞችም አንዱ ነው።

በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ትራውት በተፈጥሮ አልነበረም። የቡናማ ትራውት እንቁላል እ.ኤ.አ. በ1864 በበረዶ ተጭኖ ከእንግሊዝ ታስማኒያ ደረሰ፤ ከዚያ የተገኘው ዝርያ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ወደ ኒውዚላንድ ተሻገረ። በደቡብ አሜሪካ ወደሚገኘው ፓታጎኒያ የተወሰደው በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። ዛሬ በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ውኃው እጅግ ጥርት ያለ በመሆኑ መሪው ዓሣውን በመጀመሪያ በዓይኑ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ዝንብ የሚወረወርለት። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በቲየራ ዴል ፉዌጎ የሚገኘው ሪዮ ግራንዴ የተባለው ወንዝ ደግሞ ባሕር ወርዶ በሚመለስ ግዙፍ ቡናማ ትራውት ይታወቃል።

ወንዝ ሲመርጡ ትልቁን ዓሣ ብቻ መከተል ተገቢ አይመስለኝም። በኒውዚላንድ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ለጥቂት ዓሦች ብቻ መወርወር የተለመደ ነው፤ ታይመን ፍለጋ ላይ ደግሞ አንድም ሳይነካ የሚያልፍ ቀን አለ። በሌላ በኩል በአላስካ በመልካም ሳምንት ብዙ ዓሣ ይያዛል። ቀንዎን በምን ሁኔታ ማሳለፍ እንደሚፈልጉ ለይተው ካላወቁ፣ በዓለም የታወቀው ወንዝ እንኳ ሊያሳዝንዎ ይችላል።

መቼ ልሂድ?

በሰሜኑ አብዛኛው ጉዞ የሚደረገው ከሰኔ እስከ መስከረም፣ በደቡቡ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው (ወራቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በየወቅቱ ውስጥ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የበረዶ መቅለጥ ውኃውን በሚያደፈርስበት የወቅቱ መግቢያ ወንዙ ሞልቶ ለማጥመድም ለመሻገርም ሊያስቸግር ይችላል። በአላስካ ሶክአይ ሳልሞን በብዛት የሚገባው በሐምሌ መጀመሪያ ሲሆን፣ ትራውቱ እንቁላል እየበላ የሚወፍረው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም ነው፤ በዚያ ጊዜ ትንኙ ይቀንሳል፣ ቅዝቃዜውና ዝናቡ ግን ይበረታል። ለመሪው «ምን ሳምንት ባዶ ነው?» ከማለት ይልቅ «እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለ አጠማመድ ነው፤ ለእሱ የሚሻለው ሳምንት የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚህ በፊት በዝንብ አጥምጄ አላውቅም። መሄድ እችላለሁ?

ይችላሉ፤ ነገር ግን ውርወራን ወንዙ ዳር ደርሰው እንዳይጀምሩ። ከጉዞው አስቀድመው ባሉት ወራት ሣር ሜዳ ላይ፣ ጫፉ ላይ በመንጠቆ ፈንታ ቁራጭ ክር አስረው፣ ከ10 እስከ 15 ሜትር ባለው ርቀት ላይ ያለ ምልክትን ደጋግመው መምታት እስኪችሉ ይለማመዱ። ብዙ ሰው ሩቅ መወርወርን ይመኛል፤ አብዛኛው ዓሣ ግን የሚያዘው ቅርብ ሆኖ በትክክል ለተጣለለት ዝንብ ነው። ነፋስ ባለበት ቀንም ይለማመዱ፤ ሩቅ ወንዞች ላይ፣ በተለይ በፓታጎኒያ፣ ነፋስ ሳይኖር የሚያልፍ ቀን ጥቂት ነው።

ከችሎታ በላይ አስፈላጊው እውነቱን መናገር ነው። ጉልበትዎ ወይም ወገብዎ የሚያምዎት ከሆነ፣ መዋኘት ካልቻሉ፣ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ፣ ወይም ከፍታና ጠባብ አውሮፕላን የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ከማስያዝዎ በፊት ይናገሩ። መሪው ይህን የሚያውቀው ሦስተኛው ቀን ላይ፣ ወንዙ መካከል ከሆነ ሊያደርግልዎ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው፤ ከሦስት ወር በፊት ቢያውቅ ግን የሚቆሙበትን ቦታ፣ የሚያርፉበትን ሰዓትና የሚሄዱበትን ወንዝ ጭምር በዚያው ልክ ያዘጋጅ ነበር።

መሪው ምን ይሠራል? ጥሩ መሪንስ እንዴት ልለየው?

መሪው ዓሣው የት እንደሚቆም ያሳያል፣ ዝንቡን ይመርጣል፣ ጀልባውን ይቀዝፋል፣ መሻገሪያውን ይለያል፣ በአብዛኛው ሰፈሩን ይተክላል፣ ምግቡንም ያበስላል። ከሁሉ በላይ ግን «ዛሬ እዚህ አንገባም» የሚል ውሳኔ የሚሰጠው እሱ ነው። ይህን ሲል የሚከራከር ደንበኛ ራሱንም ሌሎቹንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ከማስያዝዎ በፊት ሊጠይቁ የሚገባው የሚከተለው ነው፦ አንድ መሪ ስንት አጥማጅ ይይዛል (ለሁለት ሰው አንድ መሪ የተለመደ ሲሆን ከዚያ ሲበዛ የሚያገኙት ትኩረት ይቀንሳል)፤ መሪዎቹ ከሆስፒታል ርቆ ለሚሰጥ የመጀመሪያ ሕክምና ርዳታ የሠለጠኑ ናቸው ወይ፤ በወንዙ ላይ ለመሥራት ሕጋዊ ፈቃድ አላቸው ወይ፤ ለምሳሌ በሚድል ፎርክ ላይ የጉዞ ፈቃድ በቁጥር የተወሰነ ነው፤ የአየር ሁኔታ በረራውን ቢያግደው የጠፋው ቀን እንዴት ይታሰባል፤ በክፍያው ውስጥ የትኛው በረራ፣ የትኛው መሣሪያና የትኛው ፈቃድ ይካተታል። የዓሣውን ቁጥርና መጠን አስቀድሞ የሚያረጋግጥልዎ ካለ ግን ይጠንቀቁ። ወንዝ ቃል አይገባም፤ ወንዙን በሚገባ የሚያውቅ ሰውም በወንዙ ስም ቃል አይገባም።

ምን ዓይነት መሣሪያ ልያዝ?

ዘንግና ክር በቁጥር ይመደባሉ፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይከብዳል፣ ዘንጉም ይጠነክራል። ለተለመደ ትራውት 5 ወይም 6 ቁጥር፣ ለትልልቅ ሬይንቦውና ለኮሆ ሳልሞን 7 ወይም 8፣ ለንጉሥ ሳልሞንና ለታይመን 9 ወይም 10 ይበቃል። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 9 ጫማ፣ ማለትም 2 ሜትር ከ70 ገደማ ነው። አራት ቦታ የሚፈታታ ዘንግ ለአውሮፕላን ይመቻል። ሁለተኛ ዘንግ መያዝ ቅንጦት አይደለም፤ ዘንግ በበርና በጀልባ ጠርዝ ይሰበራል፣ ምትኩን የሚገዙበት ቦታም የለም። ተጨማሪ ወፍራም ክርና የተለያየ ውፍረት ያላቸው ቲፔቶችም በዚሁ ምክንያት ይያዛሉ።

ነጸብራቅን የሚቀንስ ፖላራይዝድ መነጽር የግድ ነው። ዓሣውን ከውኃው ሥር ያሳያል፤ ከዚያም በላይ በነፋስ የተሳሳተ መንጠቆ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ይከላከላል። የዓይን ጉዳት ከሐኪም በሁለት ቀን ርቀት ላይ ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ልብስ በድርብርብ ይለበሳል፤ ከውስጥ ሱፍ ወይም ላብ የማይዝ ጨርቅ፣ ከላይ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጥጥ ከረጠበ በኋላ ሙቀት ስለማይዝ ለዚህ ጉዞ አይሆንም። ክብደት ግን ይቆጠራል። ወደ እነዚህ ወንዞች የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው፤ በአላስካ ሐይቅ ላይ ሲያርፍ የሚታየው ቢቨር የተባለው አውሮፕላን ለምሳሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሆን እስካሁን ያገለግላል። አብራሪው የእርስዎንም የሻንጣዎንም ክብደት ይጠይቃል፤ በትክክል ይንገሩት። ጎኑ ለስላሳ የሆነ፣ ውኃ የማያስገባ ቦርሳ ከጠንካራ ሻንጣ ይመረጣል።

ወንዝ ውስጥ መግባት ምን ያህል አደገኛ ነው?

ብዙ ሰው ድብን ይፈራል፤ እኔ ግን አጥብቄ የማስጠነቅቀው ስለ ውኃው ነው። ከበረዶ ግግር ወይም ከቀለጠ በረዶ የሚመጣ ወንዝ በበጋም እጅግ ቀዝቃዛ ነው። ስለ ቀዝቃዛ ውኃ የሚያስተምሩ ባለሙያዎች 1-10-1 የሚሉት መመሪያ አላቸው፦ የመጀመሪያው 1 ደቂቃ ያለፈቃድ የሚመጣውን የትንፋሽ መቆራረጥ መቆጣጠሪያ ነው፤ ቀጥሎ ያሉት 10 ደቂቃዎች ገደማ እጅና እግር ሊታዘዙ የሚችሉባቸው ናቸው፤ ሰው በብርዱ ምክንያት ራሱን ለመሳት ግን 1 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ብዙዎቹ የሚሰጥሙት በብርዱ ሞተው ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውኃ ተንፍሰው ወይም ጡንቻቸው ከድቷቸው ነው። ስለዚህ በጀልባ ላይ የሕይወት ጃኬት አይወለቅም፤ ተዘግቶ ይለበሳል እንጂ መቀመጫ ሥር አይቀመጥም።

ዌደር የሚባለው እስከ ደረት የሚደርስ ውኃ የማያስገባ ሱሪ ሲለበስ ወገቡ ላይ ያለው ቀበቶ ጠብቆ ይታሰር፤ ሰው ሲወድቅ ውኃው ወደ ውስጥ በብዛት እንዳይገባ የሚያደርገው እሱ ነው። ውኃ የሞላበት ዌደር ወደ ታች ይጎትታል የሚለው ስጋት የተጋነነ ነው፤ ውኃ ውስጥ ያለ ውኃ ክብደቱ አይሰማም፤ ከወንዙ ለመውጣት ሲሞከር ግን እጅግ ይከብዳል፣ ጉልበትንም ይጨርሳል።

ሲሻገሩ ፊትዎን ወደ ላይኛው የወንዙ ፍሰት በትንሹ መልሰው፣ በጎን፣ እግርን ሳያነባብሩ፣ አንዱን እግር በሚገባ ከተከሉ በኋላ ብቻ ሌላውን እያነሡ ይሂዱ። ምርኩዝ ሦስተኛ እግር ይሆናል። ውኃው ከጭን በላይ እየወጣና እየገፋ ከመጣ መመለስ ያስፈልጋል፤ ለመመለስም ውኃው ሳያይል ነው መወሰን። ከወደቁ በጀርባዎ ተንጋልለው፣ እግርዎን ወደ ታችኛው ፍሰት አድርገው፣ እጅዎን እየቀዘፉ ወደ ዳር ይቅረቡ። በፈጣን ውኃ ውስጥ ለመቆም አይሞክሩ፤ እግር በድንጋይ መካከል ተይዞ ፍሰቱ ሰውን ወደ ፊት ሊያጥፈው ይችላል፤ ይህም በወንዝ ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች የከፋው ነው።

ድብ ባለበት አካባቢ ምን ላድርግ?

በአላስካና በካምቻትካ ቡናማ ድብና አጥማጅ አንድ ወንዝ፣ አንድ ዓሣ ይፈልጋሉ። ድቡን ማስደንገጥ አይገባም፤ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲጓዙ ድምፅ ማሰማት ይበቃል። ድብ ሲቀርብ መሮጥ ክልክል ነው፤ ተሰብስቦ፣ ቀስ ብሎ፣ መንገዱን ለቅቆ መራቅ ይገባል። በአላስካው ካትማይ ብሔራዊ ፓርክ ሰው ከድብ ቢያንስ 50 ያርድ፣ ማለትም 45 ሜትር ያህል እንዲርቅ ደንቡ ያዝዛል። ዓሣ መንጠቆ ላይ እየታገለ ሳለ ድብ ከመጣ ክሩ ይበጠስ። ድብ «የሚንቦጫረቅ ክር ያለው ሰው ምግብ ይሰጣል» ብሎ ከተማረ ከእርስዎ በኋላ ለሚመጣው ሰውም ለራሱም አደጋ ይሆናል። የድብ መከላከያ ስፕሬይ በመንገደኛ አውሮፕላን ስለማይፈቀድ እዚያው ከመሪው ያገኙታል፤ በቦርሳ ውስጥ ሳይሆን ቀበቶ ላይ ይታሰራል። ምግብና ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ድንኳን ውስጥ አይገባም።

ብጎዳ ወይም ብታመም እንዴት እወጣለሁ?

በአብዛኛው በአውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር፤ እሱም አየሩ ሲፈቅድ ነው። መሪው የሳተላይት ስልክ ወይም የሳተላይት መልእክት መላኪያ ሊኖረው ይገባል። የኢሪዲየም መረብ 66 ሳተላይቶች ምድርን በሙሉ፣ ዋልታዎቹን ጨምሮ ስለሚሸፍኑ የእጅ ስልክ በማይሠራበት ሸለቆም መልእክት ይደርሳል፤ ይሁንና ጥልቅ ገደል ውስጥ መልእክቱ ሊዘገይ ይችላል። የጉዞ መድንዎ ከሩቅ ቦታ የሚደረግ የሕክምና ማመላለሻን በግልጽ የሚሸፍን መሆኑን ውሉን አንብበው ያረጋግጡ። የዘወትር መድኃኒትዎን ከጉዞው ቀናት አስበልጠው፣ ለሁለት ከፍለው በሁለት ቦርሳ ይያዙ፤ አየሩ ሲከፋ መመለሻው በቀናት ሊገፋ ይችላልና። በመመለሻው ዕለት ሌላ የማይቀር ቀጠሮ ወይም ተያያዥ በረራ አያስይዙ።

የያዝኩትን ዓሣ ለምን እለቃለሁ? ብለቀውስ ይተርፋል?

በብዙዎቹ ሩቅ ወንዞች መልቀቅ ሕግ ነው፤ በሞንጎሊያ ታይመን የሚጠመደው ለመልቀቅ ብቻ ነው። ሕግ ባይሆን እንኳ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ዓሣ የሚያድገው በዝግታ ነው፤ ትልቅ ታይመን ሲገደል የጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ሊጥላቸው የነበሩት እንቁላሎች ጭምር ናቸው። ወንዙን ሳይጎዳ እንዲቆይ ያደረገው የሰው ማነስ ነው፤ በየሳምንቱ አዲስ ቡድን በሚመጣበት ዘመን ያንን ሊተካ የሚችለው የአጥማጁ ጥንቃቄ ብቻ ነው።

መትረፉ ግን በራሱ የሚሆን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ አንድ የላቦራቶሪ ጥናት እስኪደክም እንዲዋኝ የተደረገ ሬይንቦው ትራውትን ተከታትሎ ነበር። አየር ላይ ካልወጡት መካከል 12 በመቶው ሲሞት፣ ለ30 ሰከንድ አየር ላይ ከቆዩት 38 በመቶው፣ ለ60 ሰከንድ ከቆዩት ደግሞ 72 በመቶው ሞተዋል። በወንዝ ላይ ሁኔታው ይለያያል፤ ቁጥሮቹ የሚያሳዩት ግን የማይካድ ነው፦ ለፎቶግራፍ ተብሎ ከውኃ የሚወጣባት እያንዳንዷ ሰከንድ ዋጋ አላት። ዓሣው በደስታ እየዋኘ ሄደ ብሎ መደሰትም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሚሞተው ብዙውን ጊዜ ከሰዓታት በኋላ፣ ከዓይን ርቆ ነው።

ስለዚህ መንጠቆው ጥርስ አልባ ይሁን፤ ጫፉ አጠገብ ያለችውን ወደ ኋላ የዞረች ጥርስ በፒንሳ መጫን ይበቃል። ይህ ለሰውም ይጠቅማል፤ ጥርስ የሌለው መንጠቆ ከጣት በቀላሉ ይወጣል። ዓሣውን ለማድከም ሲባል በቀጭን ክር ለረጅም ጊዜ ማታገል ትክክል አይደለም፤ ጠንከር ባለ ቲፔት ቶሎ ይቅረብ። መረቡ ቋጠሮ የሌለው የጎማ መረብ ይሁን፤ እጅ ዓሣውን ከመንካቱ በፊት ይርጠብ፤ ደረቅ እጅ ከበሽታ የሚከላከለውን ዝልግልግ ሽፋን ይገፍፋልና። ጉሮሮውና ስንጥቡ አይነካም፤ ድንጋይና አሸዋ ላይም አይጋደምም። መንጠቆው ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዳለ ይነቀል። ፎቶ ካስፈለገ አንሺው አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ ዓሣው ከውኃው በላይ በትንሹ ከፍ ብሎ፣ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ ከ10 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይመለስ። ሲለቀቅ ፊቱ ወደ ፍሰቱ ዞሮ፣ ሆዱ ሥር በቀስታ ተደግፎ፣ በራሱ ኃይል እስኪሄድ ይጠበቃል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ መወዝወዝ አይጠቅመውም።

የውኃው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ትራውት ማጥመድ መቆም አለበት። ውኃ ሲሞቅ በውስጡ የሚሟሟው ኦክስጅን ያንሳል፣ የዓሣው ፍላጎት ግን ይጨምራል፤ በዚያ ሁኔታ የታገለ ዓሣ ማገገም ይቸግረዋል። መሪው ቴርሞሜትር አውጥቶ «ለዛሬ ይብቃን» ቢል ወንዙን ከልቡ የሚጠብቅ ሰው አግኝተዋል ማለት ነው።

ጥቂት ዓሣ መብላት አይቻልም?

በአንዳንድ ወንዞች፣ በተለይ ብዛት ባለው ሳልሞን ላይ፣ ደንቡ በሚወስነው ቁጥር ይቻላል። ትራውትና ታይመን ግን ለዚህ አይታሰቡም። ደንቡን መሪው ያውቃል፤ የማጥመድ ፈቃድ ግን በስምዎ የሚወጣና ሁልጊዜ ከኪስዎ የማይለይ ሰነድ ነው።

የሚጠጣ ውኃና መጸዳጃ እንዴት ይሆናል?

ጥርት ያለ ውኃም ጃርዲያ ሊኖርበት ስለሚችል ይጣራል ወይም ይፈላል፤ መፍላት ከጀመረ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ 3 ደቂቃ ይበቃል። መጸዳጃ ከውኃ 60 ሜትር ያህል ርቆ ይቆፈራል። በሚድል ፎርክ ላይ ደግሞ የሰው ዓይነ ምድርም የእሳት አመድም ተሸክሞ መውጣት ግዴታ ነው።

ከጉዞው በፊትና በኋላ መሣሪያዬን ማጽዳት ለምን ያስፈልጋል?

ምክንያቱም እርጥብ ጫማ በሽታ ይሸከማል። በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ዲዲሞ የተባለው በዓይን የማይታይ አልጌ እ.ኤ.አ. በ2004 ከተገኘ በኋላ ወደ በርካታ ወንዞች ተዛምቶ ድንጋዩን በወፍራም ቡናማ ምንጣፍ ሸፍኗል። በኖርዌይ ደግሞ ጋይሮዳክቲለስ የተባለ ጥቃቅን ጥገኛ ትል እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ገብቶ የአትላንቲክ ሳልሞንን ከ40 በሚበልጡ ወንዞች ጎድቷል፤ ጥገኛውን ለማጥፋት ወንዞችን ከነዓሣቸው መርዝ እስከማድረግ ተደርሷል። መንገድ በማይደርስበት ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ከገባ የሚያስገባው በአውሮፕላን የመጣ ሰው ነው።

ከታችኛው በኩል የሱፍ ጨርቅ ያለው፣ ፌልት የሚባለው ጫማ እርጥበትን ለረጅም ጊዜ ስለሚይዝ በኒውዚላንድና ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ በአላስካ ጨዋማ ባልሆኑ ውኃዎች ተከልክሏል፤ ስለዚህ የጎማ ሶል ይግዙ። ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ከመሄድዎ በፊት ጭቃውንና ቅጠሉን ያራግፉ፣ ጫማውን፣ ዌደሩንና መረቡን በሳሙና ውኃ ይጠቡ፤ ከዚያም እጅ ሲነካው ፍጹም ደረቅ ከሆነ በኋላ ተጨማሪ 48 ሰዓት ይቆይ። የጫማ ማሰሪያውንና የመረቡን እጀታ ሥር ብዙ ሰው ይዘነጋቸዋል፤ እርጥበቱ በመጨረሻ የሚቀረው ግን እዚያ ነው። ለማድረቅ ጊዜ የማይኖርዎት ከሆነ ይህን ለመሪው አስቀድመው ያሳውቁ፤ ብዙዎቹ ሰፈሮች በዚያው ወንዝ ላይ ብቻ የሚያገለግል ጫማና ዌደር ያውሳሉ።